የታላቅ እህቱ ዓይን

ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል። ዶክተር አይደለም። የዓይን መርማሪ ነው፤ ዓይን ይለካል፣ መነጽር ያዛል፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል ይልካል። መጀመሪያ ላይ «ኧረ እኔ ዶክተር አይደለሁም» እያለ ሊያርማቸው ሞክሮ ነበር። ሰፈር ግን አንዴ የሰጠውን ማዕረግ መልሶ አይቀበልም። እሱም ሲደክመው ተወው። እውነቱን ለመናገር፣ ከጊዜ በኋላ ማዕረጉ ሳይጥመው አልቀረም።

የሚሠራበት ቤት ሁለት ክፍል ነው። ከፊት የመነጽር ፍሬሞች በመስታወት ውስጥ ተደርድረዋል፤ ከኋላ መጋረጃዋ የማይነሳ ጨለም ያለች የመመርመሪያ ክፍል አለች። የብረት ፍንጣሪ ዓይኑ ውስጥ የገባበት በያጅ እያለቀሰ ይመጣል። ሰሌዳው አልታይ ብሎት «ሰነፍ» የተባለ ተማሪ በእናቱ ተጎትቶ ይመጣል። ስኳር ያለባቸው ይመጣሉ፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ሳለ «እኔ ደህና ነኝ፣ የቤቴ አምፖል ነው የደከመው» የሚሉ ሽማግሌም ይመጣሉ። ሁሉንም በትዕግሥት ያያል፤ በዚህ አይታማም።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርቅ ያለ ሰው ነው። መነጽር ብቻ ፈልጎ የመጣውን ደንበኛ፣ የዓይኑን ግፊት ሳይለካና ከኋላ ያለውን ነርቭ ሳያይ አይሸኝም። «ቸኩያለሁ» ካሉት «አንተ ነህ የቸኮልከው፣ ዓይንህ የትም አይሄድም፣ ቁጭ በል» ይላል። ከዚያ ትምህርቱ ይቀጥላል። ግላኮማ የሚባለው በሽታ አያምም፣ አያሳክክም፣ ዓይን አያቀላም። ከዳር ከዳር እየበላ ነው የሚመጣው፤ ፊት ለፊት ያለውን እስከ መጨረሻው ስለማይነካ ሰውየው ጋዜጣውን እያነበበ፣ መርፌውን እየሰካ፣ ደህና ነኝ እያለ ይኖራል። የተበላው ደግሞ በመድኃኒትም በኦፕራሲዮንም አይመለስም። «በቤተሰባችሁ ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አለ ካሉት በዘር ይሄዳልና በየዓመቱ ኑ ይላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ ይጨርሳል። ደንበኞቹ ይህን ንግግር በቃላቸው ያውቁታል።

የእሱ እናት ዓይነ ስውር ሆና ነው የሞተችው።

በዚያን ጊዜ ማንም ምክንያቱን አልጠየቀም፤ «ዓይኗ ደከመ» ተባለ፣ አበቃ። እናቱን እጇን ይዛ የምትመራት፣ እሱን አዝላ የምታሳድገው ታላቅ እህቱ ነበረች። በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠዋለች። እታለም ይላታል፤ ከእሱ ተቀብሎ ሰፈሩም እታለም ይላታል። እሷ ልብስ ሰፍታ ነው እሱን ያስተማረችው። አሁንም ከእሱ ቤት ሦስት በር አልፎ፣ በመስኮት ሥር በተቀመጠ የስፌት መኪና ላይ ትሰፋለች። ባሏን ቀብራለች፤ ልጅ አልወለደችም። ከወንድሟና ከመኪናዋ በቀር የኔ የምትለው የላትም።

ሥራ ስትጨርስ እሱ ዘንድ ጎራ ትላለች። የበሽተኛው ወንበር ላይ ሳይሆን የእሱ ወንበር ላይ ትቀመጥና ዕቃውን ታብጠለጥላለች።

«ይሄ ደግሞ መነጽር ነው የብስክሌት ጎማ?»

«ፋሽን ነው እታለም።»

«ፋሽን! ይሄን ያደረገ ሰው ፊቱን ከየት ሊያመጣው ነው?»

የራሷ መነጽር ነገር እንዲህ ነበር። በሁለት ዓመት አንዴ «ክሩ ቀዳዳውን አልገባ አለኝ» ትለዋለች። እሱ ከመሳቢያው የማንበቢያ መነጽር አንሥቶ «እስቲ ይቺን ሞክሪያት» ይላል። ታደርገዋለች፤ የጋዜጣውን ደቃቅ ጽሑፍ በአንድ ትንፋሽ ትወጣዋለች። «በይ ደህና ነሽ» ይላታል። በቃ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አገጩን አስደግፎ የታየበት መሣሪያ ላይ የገዛ እህቱ አንድ ቀን አልተቀመጠችም።

አንዴ ሞክሮ ነበር። «ነይ ዛሬ በደንብ ልይሽ» አላት፣ ወረፋ የያዙ ሰዎች እየሰሙ። እታለም ሳቀች። «አዝላ ያሳደገችህን ሴትዮ ነው የምትመረምረው? ንፍጥህን ስጠርግልህ አልነበር? ሂድ ወዲያ!» ወረፋ የያዙትም ሳቁ። እሱም አፈረና አብሮ ሳቀ። ሌላ ቀን አደርገዋለሁ ብሎ ተወው። ሌላው ቀን ሳይመጣ ስምንት ዓመት አለፈ።

እዚህ ላይ የሚቆጣው ሰው ካለ ይቆጣው፣ ይገባዋል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው ሆነና፣ ለባዳ የሚሰጠውን ለእናት ያህሉ እህቱ ነፈጋት። ከንቀት አይደለም። ቤተሰብ ስለሆነች፣ ሁልጊዜ እዚያው ስላለች፣ ደግሞም መርፌዋን እየሰካች ስላያት ነው። መርፌ መስካት ምንም እንደማይመሰክር ግን ከሰፈሩ ሁሉ አብልጦ የሚያውቀው እሱ ነበር።

ምልክቱ አልጠፋም። እታለም የበሩን መቃን በትከሻዋ መግጨት ጀምራ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ያለ ብርጭቆ በክንዷ እየጠረገች ትጥላለች። ቅልጥሟ በልዞ አይቶ «ከማን ጋር ተደባደብሽ?» ብሎ ቀልዶባታል። የጎረቤት ሴቶች ደግሞ «እታለም ዘንድሮ ኮርታለች፣ አጠገቧ ቆመው ሰላም ቢሏት ዞር ብላ አታይም» ይሉ ነበር። ይህንንም ነግረውት ስቋል። በኋላ ሌላው ሁሉ ቢቀልለው ይህ ሳቁ አልቀለለውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ አስመጣ። እታለም ስለ አንዲት ደንበኛ እያወራች ነው፤ ሴትዮዋ ወፍራ መጥታ «ልብሴን አጠበብሽብኝ» ብላታለች። በቀኟ በኩል ቆሞ ብርጭቆውን ዘረጋላት። አልተቀበለችውም። «እኔ ነኝ ያወፈርኳት? መቀሴ ነው ያወፈራት?» ትላለች። ብርጭቆው ከጆሮዋ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ እየተነነ ነው። «እንኪ እንጂ» ሊላት አፉን ከፈተና ተወው።

ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ሁለት ጣቱን በጆሮዋ ትክክል አነሣና፣ በሽተኞቹ ላይ እንደሚያደርገው፣ እያወዛወዘ ወደፊት አመጣቸው። ወሬዋን ቀጠለች። ጉንጯን አለፈ። የዓይኗን ጠርዝ አለፈ። ጣቶቹ አፍንጫዋ ሊደርሱ ምንም ሳይቀራቸው ድንገት ወደኋላ አለች።

«ምን እያደረግክ ነው? ዝንብ ነው?»

«አዎ፣ ዝንብ ነው» አላት። በግራዋም ሞከረ፤ የግራው ትንሽ ይሻላል፣ ትንሽ ብቻ።

«እታለም፣ ነይ እስቲ ወንበሩ ላይ ቁጭ በይ።»

እንድትስቅ ጠብቆ ነበር። ድምፁ ውስጥ የሰማችው ነገር ቢኖር ነው፣ ሳትስቅ ተነሥታ ሄደች። ስትገባ መቃኑን ገጨችው።

የጤነኛ ዓይን ግፊት ከሃያ አንድ አይበልጥም። የእሷ የቀኙ አርባ ሁለት፣ የግራው ሠላሳ ስድስት ሆኖ አገኘው። በብርሃኑ ውስጡን አየ። ደማቅ መሆን የነበረበት ነርቭ ገርጥቷል፤ መሐሉ ተቦርቡሮ ጠርዙ ብቻ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ነርቭ በሌሎች ሰዎች ዓይን ውስጥ ስንት ጊዜ አይቷል። ደብዳቤ ጽፎ ልኳቸው፣ ቤቱ ገብቶ ራቱን በልቶ ተኝቷል።

ቀጥሎ የጎን እይታ የሚለካበት መሣሪያ ፊት አስቀመጣት። አንዱን ዓይኗን ሸፈነላትና የምትጫን ቁልፍ እጇ ላይ ሰጣት። «መሐል ያለችውን ነጥብ ብቻ እያየሽ፣ በየትኛውም በኩል ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር ተጫኚ።» እታለም እንደ ጎበዝ ተማሪ ወገቧን አቅንታ፣ አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ተዘጋጀች። መሣሪያው ሥራውን ጀመረ። ብርሃኑ ከላይ በራ፣ ከታች በራ፣ በቀኝ በራ። እሱ በመሣሪያው ስክሪን ላይ ይቆጥራል። ቁልፉ ዝም አለ። አንድ ጊዜ ጠቅ አለ፣ እንደገና ዝም። እታለም ጣቷን ሳታነሣ፣ እስትንፋሷን ይዛ ትጠብቃለች።

ከብዙ ጊዜ በኋላ «ጀመርክ እንዴ?» አለች።

«አዎ።»

«ታዲያ መብራቱ መቼ ነው የሚመጣው?»

ስልሳ ብርሃን አልፏል። በጨለማው ውስጥ መዳፉን አፉ ላይ ጫነ።

ሲነግራት በሽታውን እንጂ ጥፋቱን አልነገራትም። ግላኮማ ነው፣ ሆስፒታል መሄድ አለብሽ፣ ቶሎ ነው አላት። «የእማዬ ነው?» አለችው። «ይመስለኛል» አላት። ጉልበቱን መታ መታ አደረገችው። «አይዞህ፣ አንተ ደርሰህበታል። እማዬ እኮ የሚያይላት ሰው አጥታ ነው። እኔ አንተ አለህልኝ።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረበት። አልተናገረም። የሆስፒታሉ ቀጠሮ እስኪደርስ ዘጠኝ ቀን እታለም ለመጣ ለሄደው «ወንድሜ ባይኖር ጨለማ ውስጥ ነበርኩ፣ ከሻይ ብርጭቆ ነው ያወቀብኝ!» እያለች አወራች። ሰፈሩም «እንዲህ ነው ወንድም!» አለ። ደንበኛ ሁሉ ሲገባ ያመሰግነዋል። ሊሞት ደረሰ። ልናገር ብሎ ማታ ይወስናል፤ ጧት ፊቷን ሲያይ ውሃ ይሆናል። ደግሞ ምን ይጠቅማታል ይላል፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ። ሰው ራሱን ለማዳን ሲፈልግ ተረት አያጣም።

የሆስፒታሏ ሐኪም ረጋ ያለች፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። እታለምን አይታ ስትጨርስ «ከዚህ በፊት ማን ነበር የሚከታተልዎት?» አለቻት።

እታለም እሱ አፉን ሳይከፍት ቀደመችው። «ይኸው ወንድሜ! የዓይን ባለሙያ እኮ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ዓይኔን የሚያይልኝ እሱ ነው።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችው። አልተሳደበችም፣ አልጠየቀችም። ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ከዚያ አስረዳቻቸው። የቀኙ አልቋል። ግራው ላይ የቀረው መሐል ለመሐል የቁልፍ ቀዳዳ የምታህል እይታ ናት። ጠብታ ብቻውን አይበቃም፤ ግፊቱን ለማውረድ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል። ጥቂት ሰዎች ላይ ግን ያቺ የቀረችው ቀዳዳም በኦፕራሲዮኑ ምክንያት ትጠፋለች። ካልተደረገ ደግሞ ዓመትም ላትቆይ ትችላለች። «ውጪ ቁጭ ብላችሁ ተመካከሩ፤ ስትወስኑ ይፈርማሉ» አለች።

በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የእታለም ቦርሳ እሱ ጉልበት ላይ ነው።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። «አንተ ግቢ ካልከኝ እገባለሁ። እስከዛሬም የታመንኩት አንተን ነው።»

«ግቢ» ቢላት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን የቀረቻትን ቀዳዳ በእሱ ቃል ልታስይዝ ነው፤ ቃሉ ደግሞ ምን ያህል እንደሚታመን አታውቅም። አሁን ዝም ካለ ሁለተኛ ጊዜ ሊያጠፋት መሆኑ ታወቀው።

«ኦፕራሲዮኑን አድርጊው እታለም። ግን እኔ ስላልኩ አታድርጊው።»

«እንዴት ማለት?»

«አይቼሽ አላውቅም።»

አልገባትም። ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች፤ በዚያች ቀዳዳ እስክታገኘው ጊዜ ወሰደባት።

«ስምንት ዓመት መነጽር ሰጠሁሽ እንጂ ዓይንሽን አላየሁም። የሰፈሩን ሰው ሁሉ አየሁ፣ አንቺን አላየሁም። የእማዬን እያወቅኩ። ያኔ ባይሽ ኖሮ በጠብታ ይቆም ነበር። ዛሬ እንደ ሰው ታዪ ነበር።»

አንድ ሰው አልጋ እየገፋ አለፈ። እታለም እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። እሱ ስድብ ጠበቀ፣ ለቅሶ ጠበቀ። በልቡ ጥግ፣ አይፈረድበትና፣ «ምን ታደርግ፣ እኔም እንቢ ብያለሁ» እንድትለውም ጠበቀ።

«ምርመራው ከባድ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«አይደለም።»

«ብዙ ሰዓት ይፈጃል?»

ሊዋሽ አሰበ። «ሁለት ደቂቃ» አለ።

«ሁለት ደቂቃ» አለች እታለም። አልጮኸችም። የጨርቅ ልክ ሲነግሯት እንደምትደግመው አድርጋ ነው የደገመችው። ከዚያ ወዲያ ወደ እሱ አልዞረችም።

ነርሷ በሩን ከፍታ ወጣች። «እናቴ፣ ወስነዋል?»

«ወስኛለሁ። እፈርማለሁ።»

«ጎሽ። አስታማሚዎ ማነው? አብሮዎት የመጣ ሰው አለ?»

«የለም» አለች እታለም። «ብቻዬን ነው የመጣሁት።»

ነርሷ የሴት ቦርሳ ጉልበቱ ላይ ይዞ አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው አየችው። እሱ መሬት መሬት አየ። እታለም ተነሥታ ግድግዳውን በእጇ ፈለገች፤ ስታገኘው ግድግዳውን እየዳበሰች ገባች።