የኤብነር ባዝራና የእግዜር ድርሻ

ባዝራዋ ኤብነርን የገደለችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ቁልቁለቱ ላይ ዝንብ ነከሳትና በረገገች፤ የምትጎትተው የጭድ ጋሪ መንኮራኩርም በደረቱ ላይ ሄደ። ሚስቱ ሄስተር ሁሉንም በዓይኗ አየች። ምናለ ባላየች! ግን አየች፣ ምን ይደረግ።

በማግስቱ ብረት ቀጥቃጩ ሳይላስ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሯ ላይ ቆመ። አሟሟቱን አይቶ የሚፈርደው የመንደሩ ሸንጎ አለቃ እሱ ነው።

«ዛሬ መርማሪው ዳኛ ሲጠይቅሽ፣ ባዝራዋ ተፈታ ሣር ትግጥ ነበር በይ። ጋሪው ብቻውን ነው የተንሸራተተው።»

«ውሸት!»

«አዎ፣ ውሸት ነው። ታዲያስ? እውነቱን ከተናገርሽ ዲዮዳንድ ናት ይሉሻል፣ አለቀ።»

ዲዮዳንድ በቄሶቹ ላቲን ለእግዜር የሚሰጥ ማለት ነው። ሰው የገደለ ነገር፣ በሬም ይሁን ጋሪ፣ ከባለቤቱ ተነጥቆ የእግዜር ይሆናል። ድሮ ለሟቹ ነፍስ ማስጸለያ፣ ለድሃም ምጽዋት ይውል ነበር አሉ። ኋላ ነገሥታቱ ለራሳቸው አደረጉት፤ ከነሱም ለየአካባቢው ባላባት ተላለፈ። የዚህች የእንግሊዝ አገር፣ የሽሮፕሽር መንደር ባላባትም በእግዜር ስም ስንቱን ጋሪ፣ ስንቱን ከብት ሰብስቧል! እግዜር አንዱን ጋሪ እንኳ ሲነዳው ያየ ሰው ግን የለም። ሕጉ ደግሞ ሰውየው ሲሞት የተንቀሳቀሰውን ሁሉ ነው የሚጠርገው። ባዝራዋ ጎትታው ከሆነ እሷም፣ ጋሪውም፣ ጭዱም ይሄዳል። የቆመ ጋሪ ተንሸራቶ ከሆነ ግን የሚወሰደው የገደለው መንኮራኩር ብቻ ነው።

«ይውሰዷት!» አለች ሄስተር። «ዓይኗን ማየት አልፈልግም። ገዳይ ልቀልብ እንዴ?»

«በምን ልታርሺ ነው? ልጆቹንስ ምን ልታበያቸው?»

«አንተ ምን አገባህ? ኤብነርን እንደሆነ በቁሙ አትወደውም ነበር።»

«አልወደውም ነበር» አለ ሳይላስ። «ነፍሱን ይማረውና አስቸጋሪ ጎረቤት ነበር። ልጆቹ ግን ምን አደረጉኝ?»

ሄስተር በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችው።

ሸንጎው የተቀመጠው በመንደሩ መጠጥ ቤት ነበር። ኤብነር አንሶላ ለብሶ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ሄስተር እጇን መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ አድርጋ ስትምል፣ የመጣችው እውነቱን ልትናገር ነበር። ተናግራ ልትገላገል።

«ባዝራዋ ተጠምዳ ነበር?» አለ ዳኛው።

ሄስተር አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት በመስኮቱ በኩል ደጅ የታሰረችውን ባዝራ አየች። የባላባቱ ወኪል የራሱን ልጓም ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ከንፈሯን ገልብጦ ጥርሷን ያያል። ጎኗን መታ መታ አደረገና «ገና ልጅ ናት! ብዙ ትሠራለች!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ባሏ ገና አልተቀበረም! ሄስተር ደሟ ፈላ።

«ተፈታ ሣር ትግጥ ነበር» አለች፣ ድምጿ ደጅ ድረስ እንዲሰማ። «የገደለው መንኮራኩሩ ነው።»

ዳኛው መነጽሩን አውልቆ የሸንጎውን ሰዎች በየተራ አያቸው። ሳይላስም ሌሎቹም አቀርቅረዋል።

«ስለዚህ መንኮራኩሩ ብቻ» አለ ዳኛው በመጨረሻ። ወኪሉ አንድ የተሰነጠቀ መንኮራኩር እየገፋ ሄደ።

ሄስተር ባዝራዋን ይዛ ወደ ቤቷ አቀናች። ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ ባዝራዋ ቀጥ ብላ ቆመች፤ እግሮቿ ይንቀጠቀጡ ነበር። ሄስተር አንገቷን በቡጢ መታቻት፣ ደገመቻት። ባዝራዋ ግን አልሸሸችም። ይሄኔ ሄስተር ጋማዋን ጨብጣ፣ ፊቷን አንገቷ ላይ ደፍታ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ እምቢ ያላትን ልቅሶ አለቀሰች።

«ወድጄሽ እንዳይመስልሽ» አለቻት፣ ሲወጣላት። «ለልጆቼ ስል ነው በእግዜር ፊት የዋሸሁት። ነይ፣ ነይ በይ፤ እኔም ፈርቻለሁ።»