ከቀዩ ቀለም በታች

ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሲብት ቆቦ ላይ የሚፈጭ እህል አልነበረም፤ ወፍጮ ጠጋኙ ግርማይም ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። አንድ ጠዋት የክሊኒኩ ድሬሰር ነጅሙዲን ግድግዳ እየተደገፈ መጣበት።

«ጋሽ ግርማይ፣ ዞብል ተራራ ግርሻ፣ ያ እየተመላለሰ የሚጥለው ትኩሳት፣ ገብቶ ሰዉን እየጨረሰው ነው። እህቴ ኡሙሰልማም ከነልጆቿ እዚያው ናት። መድኃኒቱ ደርሶልኛል፣ ግን በቅሏችን ሞታለች። እኔም ገና ከበሽታው መነሣቴ ነው፣ እግሬ አይሸከመኝም። ያቺን የጣሊያን ሞተር ብስክሌት ቢያስነሱልኝ?»

ሞተሯ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ወፍጮ ቤቱ ጓሮ የቆመች ናት። ግርማይ ቀኑን ሙሉ ሲፈታታት ዋለ። ፒስተኗ ይንቀሳቀሳል፤ ጎማዋም ጨርቅ ተጠቅጥቆበት ይሄዳል። እሳት የሚሰጣት ማኜቶ ግን ተነቅሎ ተወስዷል። ደሴ ያለ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ይገኛል፤ ነገር ግን የወታደሩ ሞተር ማኜቶ ሌላ፣ የሲቪሉ ሌላ ነው። ሁለቱንም ለመግዛት ደግሞ አቅም የላቸውም።

«የትኛውን ላምጣ?» አለ ወደ ደሴ የሚሄደው የጭነት መኪና ሾፌር አያሌው፣ ከመኪናው ሳይወርድ። «ነገ ማታ እመለሳለሁ።»

ግርማይ ሞተሯን ዞራት። ቀይ ናት። የቤንዚን ጋኗ ላይ የሲቪሉ ዓይነት ስም የተቀረጸበት የናስ ሰሌዳ አለ። ጋኑ ከሥር በሽቦ መታሰሩን አይቷል፤ ለምን እንደታሰረ መመርመር ነበረበት። ግን ሆዱ ባዶ ነው፣ ራሱን ያዞረዋል፣ መኪናውም እየጮኸ ይጠብቃል።

«የሲቪሉን» አለ።

አያሌው መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ሳምንት ቆይቶ መጣ። ማኜቶው አልገጥም አለ። ግርማይ በመዶሻ ሊያስገባው ታገለ። ሲያቅተው ጋኑን አውርዶ የሻሲውን አንገት በስለት ፋቀ። ከቀዩ ቀለም በታች አመድማ አረንጓዴ ወጣ፤ ከአረንጓዴው በታች ብረቱ ላይ የተመታ የጣሊያን ጦር ማኅተም። ጋኑ ከሌላ ሞተር ተነቅሎ የተጫነባት ኖሯል።

«የወታደር ናት» አለ።

ነጅሙዲን አልተቆጣም። ግርማይን የባሰ የጎዳው ይኸው ነው። «እየዳኽኩም ቢሆን ያን ቀን መሄድ ነበረብኝ» አለና የመድኃኒቱን ሳጥን ተሸክሞ ወደ ዞብል ወጣ።

ሲመለስ ፊቱ አጥንት ብቻ ሆኗል።

«ኡሙሰልማስ?» አለው ግርማይ።

«ጎጆዋ ባዶ ነው። እዚያ የቀሩት አንዲት አሮጊት ‹እህል ፍለጋ ወደ መንገዱ ወርደዋል› አሉኝ። በየመንገዱ የወደቀውን ሁሉ ፊቱን እየገለጥኩ መጣሁ። አላገኘኋቸውም።»

አያሌው አጠገባቸው ቆሞ ነበር። «የወታደሩ ማኜቶ ሻጩ ዘንድ አለ። በዚህኛው ለውጬ ላምጣው እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ።



«አምጣው» አለ ነጅሙዲን። «በሽታው ሌላም መንደር ገብቷል።»

ግርማይ የነጅሙዲንን እጆች አየ። ጉልበቱ ላይ እንደ ተጣሉ ቀርተዋል። ሞተሯ ብትነሣ እንኳ መሪዋን የሚጨብጡ እጆች አልነበሩም።