ተኩስ አንድ ፍች ያለበት አገር

ባምባ ውሃ በምትባለው የጠረፍ መንደር፣ በእኅቴ በማንጠግቦሽ ደጅ፣ ለለቅሶ በተጣለው ዳስ ሥር ተቀምጬ ጀምበር ስትጠልቅ ስመለከት፣ ልቤ የዚያን ምሽት ያህል ከብዶኝ አያውቅም። እኔ የደጋ ሰው ነኝ። ዳዊት በማስደገም ያረጀሁ የኔታ እንጂ የቆላ ሙቀት የሚችል ገላ፣ የቆላ ነገር የሚገባው ጭንቅላት የለኝም። ሆኖም የእኅቴ ባል ደርበው በታጣቂዎች ጥይት መውደቁን ስሰማ፣ ሙቀቱን ፈርቼ ልቀር አይገባኝምና ወረድሁ። ወርጄም የሰማሁት ነገር ከሞቱ እኩል አንገበገበኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባምባ ውሃ ሰው ሰሊጥ አራሽ ነው። ሰሊጡን አጭዶ ያስርና ነዶውን እርስ በርሱ አደጋግፎ በየማሳው ያቆመዋል፤ ያንን ክምር ሂላ ይሉታል። ሂላው ደርቆ በሸራ ላይ ተዘቅዝቆ በተራገፈ ዕለት፣ ባለማሳው ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ይተኩሳል። የጎረቤት መንደር ሰዎች ተኩሱን ሲሰሙ «እሰይ፣ እነ እገሌ አራገፉ!» ይሉና በማግስቱ ጠላ ይዘው ደስታውን ሊካፈሉ ይመጣሉ። አባቶቻቸውም እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ደግ ልማድ ነው፣ ማንም አይነቅፈውም።

ታጣቂዎቹ የመጡት በዚሁ በመራገፊያ ሰሞን ነው። ወንዙን በጠራራ ፀሐይ ተሻግረው፣ በማሳ ላይ ያገኙትን ሰው ገደሉ፤ ጎጆ አቃጠሉ፤ ከብት ነዱ። ደርበው ካንድ ሂላ ጀርባ ተኝቶ፣ ጥይቱ እስኪያልቅ ሰው ይደርስልኛል እያለ ሲተኩስ ዋለ። ማንም አልደረሰለትም። ጎረቤቶቹ ተኩሱን ሰምተዋል። ጭሱንም አይተዋል፤ ግን በዚያ ሰሞን ገለባ የማያቃጥል ገበሬ የለም። በማግስቱ ማሰሮ ተሸክመው፣ ሴቶቹ እልል እያሉ፣ «እንኳን ደስ አላችሁ!» ሊሉ መጡ። እልልታቸውን ሳይጨርሱ ከሬሳው ጋር ተገናኙ።

እኔ እንግዲህ ይህን ከሰማሁ ወዲህ እህል አልበላ አለኝ። በዚያ ላይ የደርበው ታናሽ ወንድም አዱኛ ጎበዛዝቱን ሰብስቦ፣ ነገ ከሰዓት በኋላ ወንዙን ተሻግረው በማዶ ያለውን የመጀመሪያውን መንደር ሊያቃጥሉ ተማምለዋል። ታጣቂዎቹ ከዚያ መንደር ይሁኑ አይሁኑ የሚያውቅ የለም። ከማዶ መምጣታቸው ለአዱኛ በቂው ነው። ጠዋት በባምባው ዛፍ ሥር ጉባኤ ተጠርቷል፤ እኔም ዘመድም ሽማግሌም ነህ ተብዬ ተናገር ተብያለሁ።

«ወንድምዓለም፣ ነገ ምን ልትል ነው?» አለችኝ ማንጠግቦሽ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገቤ ተቀምጣ።

«እግዜር ያውቃል» አልኋት።

«እግዜርማ ያውቃል። አንተስ?»

የዳዊቴን ማኅደር መፍታት ያዝሁ።

«ስማኝ፤ አዱኛ ከሄደ አይመለስም። ቢመለስም ሰው ሆኖ አይመለስም። አንዱን ቀብሬያለሁ፤ ሁለተኛውን የምቀብርበት አቅም የለኝም። ግዝት ታውቅ እንደሆነ ግዝት፣ ልመና ታውቅ እንደሆነ ልመና፣ ብቻ አስቀርልኝ።»

ይህን ብላኝ ገባች። እኔም ዳዊቴን ገልጬ መድገም ጀመርሁ። ግን ዓይኔ በፊደሉ ላይ ይሄዳል እንጂ ልቤ ከደርበው ጋር ከሂላው ጀርባ ተኝቶ ነበር። እንዲህ ስል እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሕልሜም፣ ፀሐይዋ ከአናት በላይ በቆመችበት ቀትር፣ ጫፉ በማይታይ አውድማ ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁ። ከአውድማው መካከልም አንዲት አሮጊት፣ ፀጉሯ እንደ ባዘቶ የነጣ፣ ወንፊት ይዛ ትነፋለች። ቀርቤ ባይ ወንፊቱ ባዶ ነው።

«እናቴ፣ ምን እየነፉ ነው? ምንም የለበትም እኮ» አልኋቸው።

«ድምፅ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «እናንተ ሰዎች ደስታውንና ዋይታውን ቀላቅላችሁ ሰጣችሁኝ። ይኸው ስነፋው እውላለሁ፣ አልለይ ብሎኛል።»

«ስምዎ ማን ይባላል?»

«ስሜን ብነግርህ ስሜን ይዘህ ትሄድና የምታየውን ትረሳለህ። የተማረ ሰው ጠባዩ ይኸው ነው። ተነሥ፣ ተከተለኝ!»

ቆሜ ሳለሁ ተነሥ ማለታቸው ገረመኝ፤ ግን አነጋገራቸው መልስ የሚሰጡት ዓይነት አልነበረምና ተከተልሁ።

አስቀድመው የወሰዱኝ ተኩስ ወደማይቋረጥበት አገር ነው። በዚያ አገር ልጅ ሲወለድ ይተኮሳል፣ ክርስትና ሲነሣ ይተኮሳል፣ ሠርግ ሲሆን ይተኮሳል፣ ሰው ሲሞት ይተኮሳል፤ ሰው ሲገደልም ያው ይተኮሳል። በገበያው መካከል አለፍን። አንዲት ሴት ጸጉሯን እየነጨች «ኧረ የሰው ያለህ!» እያለች ትሮጣለች። በርበሬ የምትሸጠዋ ነጋዴ ግን ሚዛኗን ሳታስቀምጥ «ምነው ዛሬ ደግሞ የማን ድግስ ነው?» ትላለች። ገዢዋም «የእነ እገሌ መሰለኝ» ብላ በርበሬዋን ትቀበላለች። ክፉዎች አልነበሩም። ልጆቻቸውን ሲያቅፉ፣ ለደካማ ቦታ ሲለቁ አይቻለሁ። ጆሯቸው ብቻ ደንዝዟል። ከገበያው ወጥተን ወደ ወንዙ ስንወርድ፣ ማሳው ሁሉ ሂላ ቆሞበት አየሁ። የሚያራግፈው ጠፍቶ፣ የፍሬው ቆባ በገዛ ራሱ እየተከፈተ ሰሊጡ መሬት ላይ ሲፈስ ነፋስ ይወስደዋል። ጎጆዎቹ ከሰል ሆነዋል። ማዶውንም ባይ ያው ነው፤ ያው ከሰል፣ ያው ባዶ ማሳ። አለቀስሁ።

«ያንን የማዶውን ማን አቃጠለው?» አልሁ።

«እናንተ።»

«የዚህኛውንስ?»

«እነሱ።»

«ቀድሞ የጀመረው ማነው?»

አሮጊቷ በያዙት ወንፊት ወደ መቃብሩ አመለከቱኝ። «እሱን የጠየቁት ሁሉ እዚያ ተኝተዋል። ሄደህ ከእነሱ ጋር ተከራከር።»

«እሺ፣ ደርበውን የገደሉትስ እነማን ናቸው? ይህን እንኳ ይንገሩኝና ነገ ለጉባኤው ልናገር።»

«የኔታ!» አሉኝ ተቆጥተው። «ሕልም ምስክር ሆኖ ያውቃል? ገዳይን ፈልጎ ማውጣት የነቃ ሰው ሥራ ነው። አውጫጭኝ ተቀመጡ፤ ያየም የሰማም ይማል፣ ይናገር። እኔ ዘንድ የመጣኸው ለሌላ ነው።»

ይህን ብለው በአንድ ትልቅ የባምባ ዛፍ ጥላ ውስጥ አሳለፉኝ። ከጥላው ስንወጣ ያው ባምባ ውሃ ነበረች፤ ግን ሌላ ባምባ ውሃ። ጎጆዎቹ ቆመዋል፤ ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ሰሊጥ በሸራ ላይ ይራገፋል። ያን ጊዜ ግራ የገባኝ ጸጥታው ነው። ባለማሳው ሂላውን አራግፎ ሲጨርስ ከበሮ ተመታ፣ ተዘፈነ፣ ተጨፈረ፤ ጥይት ግን አልጮኸም። ሙሽራ ይዘው የሚያልፉ ሚዜዎችም በከበሮና በጭብጨባ ብቻ ሄዱ።

«ኧረ ጉድ! ጎበዝ ሳይተኩስ ሚስት ያገባል?» አልሁ።

«ሙሽራዋ ካልቀረባት አንተ ምን ቀረብህ?» ብለው ሳቁብኝ። «በዚህ አገር ለደስታ የተኮሰ ሰው ተቀጥቶ የጎረቤቱን ሂላ ያራግፋል። ለለቅሶ የተኮሰም እንዲሁ። ተኩስ አንድ ፍች ብቻ አለው።»

ምን እንደሆነ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ ከማዶው ሣር ጫፍ አንድ ጥይት ጮኸ። ወዲያውም ከማዶ በማላውቀው ቋንቋ አንድ ቃል ተጠራ፤ በወዲህኛው ዳር ያሉት ሁሉ፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ፣ ቃሉን አወቁት። ከዚያ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። ሊጥ የምታቦካ ሴት ሊጡን ከነእጇ ይዛ ወጣች። ፀጉሩን ይላጭ የነበረ ሰው ግማሽ ራሱን ተላጭቶ፣ ግማሹን እንዳጎፈረ ሮጠ። ሙሽራው ሙሽራዋን ለእናቷ አስረክቦ ወደ ወንዙ ዘለለ። አንዱ አውድማ ለሌላው እየጮኸ፣ ያኛውም ለሚቀጥለው እያቀበለ፣ ጥሪው እኔ እስከማላያቸው መንደሮች ዘለቀ። የጠረፍ ጠባቂዎችም፣ ከከተማ ጥላ ወጥተው እዚያው ወንዙ ዳር ሰፍረው ኖሮ፣ ከሰዉ ጋር አብረው ተሻገሩ። በሣሩ ውስጥ ያደፈጡት ታጣቂዎች ቀና ብለው፣ ከሁለቱም ዳር እየጎረፈ የሚመጣውን ሕዝብ ሲያዩ፣ ወደመጡበት አፈገፈጉ። ጥይት ለምደዋል፤ ያስፈራቸው የመጣው ሰው ነው።

«እናቴ፣ ሕዝቡ ወንዝ ተሻግሮ ለሰው አገር ሰው የሚሮጠው ለምንድን ነው?» አልሁ።

«በማዶ የጀመረ እሳት ወንዙ ዳር ቆሞ ይጠብቃችኋል?»

«ይህ አገር መቼ ይሆናል?»

«መቼ አትበለኝ። ማን ጀመረው በለኝ።»

«ማን ጀመረው?»

«ወንድሙ የሞተበት አንድ ሰው» አሉኝና ወንፊታቸውን አነሡ። ምን ብሎ እንደ ጀመረ ልጠይቃቸው ስል፣ አናቴ ላይ የፈነዳ በሚመስል ተኩስ ነቃሁ።

ጎሕ ቀድዷል። ዳሱ ታምሷል። ሴቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ ጓሮ ይሮጣሉ፣ ማንጠግቦሽ በግንባሯ ተደፍታለች፣ አዱኛ ጠመንጃውን ወድሮ አጥር ጥግ ተንበርክኳል። ታጣቂዎቹ ተመልሰው የመጡ መስሎን ሁላችንም ነፍሳችን ወጥታ ተመለሰች። ለካ ከሩቅ መንደር የመጡ ለቅሶ ደራሾች፣ ለደርበው ክብር ብለው፣ እንደ ልማዱ ወደ ሰማይ ተኩሰው ኖሯል። ሰዎቹ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ሲገቡ፣ እኛ ከየተደበቅንበት እየወጣን አፈራችንን እናራግፍ ነበር። ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

ያን ጊዜ ያየሁትን ለሰው ሁሉ እንድነግር ቆረጥሁ። ግን ወደ ባምባው ዛፍ ከመሄዴ በፊት፣ ከአንድ ሰው መጀመር እንዳለብኝ ገባኝ። አዱኛ አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ በዝናሩ ጥይት ሲሞላ አገኘሁት። አጠገቡ ተቀምጬ ሕልሜን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርሁት። ቀና ብሎም አላየኝ።

«የኔታ፣ ሕልምዎ ደግ ነው። እኔ ግን እሄዳለሁ» አለኝ። «የሞተው የእኔ ወንድም ነው።»

«አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። የማዶ ሰዎችን ቋንቋ ትችላለህ አሉ።»

«አብሬያቸው ስነግድ ኖሬ! እንዴት አልችልም?»

«‹ድረሱልን› በእነሱ አፍ ምን ይባላል?»

እጁ ዝናሩ ላይ ቆመ። «አልሐጉና» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«ሲሉት ሰምተሃል?»

ለቅሶ ደራሾቹ በዳሱ ውስጥ ሙሾ ያወርዳሉ።

«አምና» አለኝ። «እኔና ደርበው ወንዙ ዳር ሰሊጥ ስናጭድ፣ ከማዶ ሲተኮስ ሰማን። ሲጮሁም ሰማን። ደርበው ቋንቋውን አያውቅም፤ ‹ምን ይላሉ?› ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አልኸው?»

«‹ሠርግ ነው› አልሁት።» ዝናሩን ከእጁ አስቀመጠ። «ማጭዱን ጥሎ ሊነሣ ነበር እኮ፣ የኔታ። እኔ ነኝ ‹ሠርግ ነው፣ ሥራህን ሥራ› ያልሁት። ቃሉን እያወቅሁት።»

እኔ ብዙ ሰው ንስሐ ሲገባ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ግን አይቼ አላውቅም። ጠመንጃውን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ መሬት ላይ አጋደመውና እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ማንጠግቦሽ መጥታ ከኋላው ቆማለች። ምን ያህሉን እንደ ሰማች አላውቅም፤ ብቻ ጎንበስ ብላ ጠመንጃውን አነሣችና ወደ ቤት ይዛው ገባች። አልከለከላትም።

ፀሐይ ስትወጣ ሕዝቡ ወደ ዛፉ መሰብሰብ ጀመረ። አዱኛ ፊቱን ታጠበና አብሮኝ ቆመ።

«ለጉባኤው ከተናገርን በኋላ ማዶ እንሻገራለን» አልሁት። «አንተ ታስተረጉማለህ።»

«እዚያስ ከምን እንጀምራለን?»

«አምና ሳንመጣ ከመቅረታችን» አልሁት።