የዐብዱረሕማን ድምፅ

ዐብዱረሕማን አንደበታቸውና አንድ እጃቸው ከተያዘ ሁለት ዓመት አልፏል። ከዚያ በፊት ግን ልጃቸው ራቢዓ ጎንደር በሚገኘው ቤታቸው ከጎናቸው ተቀምጣ ድምፃቸውን ስትቀርጽ ከርማ ነበር፦ የዘር ሐረጋቸውን፣ ከመተማ ጥጥ ሲያመላልሱ ያዩትን፣ ከሌላ ሰው አፍ የማይሰማውን መንዙማቸውን። አርባ አንድ ፋይል ሆነ። ሁሉም ሳሎን ካለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው እንጂ ሌላ የትም የለም። አባትየው በየቀኑ በደህናው እጃቸው ወደ ኮምፒውተሩ ይጠቁማሉ፤ እሷም ትከፍትላቸዋለች።

በ2007 ክረምት ኮምፒውተሩ ከውስጡ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ያለው ታናሽ ወንድሟ ኢምራን ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው።

"ምነው?" አለችው።

"ሃርድ ዲስኩ ሊሞት ነው እቴ። አዲስ እስካመጣልሽ ፋይሎቹን ሌላ ቦታ እናስቀምጣቸው።"

በማግስቱ በገመድ የሚሰካ ዲስክና ሁለት ሶፍትዌር ይዞ መጣ።

"ይኼኛው በየቀኑ ቀትር፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን እንዳለ ይገለብጣል። ፈጣን ነው። ያኛው የድሮውን ሳይነካ አዲሱን ለብቻ ያስቀምጣል፤ ግን ይንቀራፈፋል፣ ዲስኩንም ቶሎ ይሞላዋል።"

"እንዳለ ማለት?"

"ከዚህ የጠፋ ከዚያም ይጠፋል።"

ራቢዓ ሳቀች። "እኔ የአባዬን ድምፅ ላጠፋ? ፈጣኑን ጫንልኝ።"

ኢምራን ፈጣኑን ጫነላት።

ሦስት ሳምንት በሰላም አለፈ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ሠርግ ፎቶ ያለበትን ፍላሽ ሰካች። እሑድ ቀትር ሲቃረብ አባቷ እንደ ልማዳቸው ሲጠቁሙ አንዱን ፋይል ብትከፍት ጭጭ አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። የፋይሎቹ ስም ዓይኗ እያየ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ይጠፋ ጀመር። ለኢምራን ደውላ ያየችውን ሁሉ፣ ፍላሽ መሰካቷንም ነገረችው።

"ቫይረስ ነው!" አለ። "ስንት ሰዓት ነው?"

ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ስድስት ሰዓት አልፏል። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

"ገመዱን ንቀዪው! አሁኑኑ!"

ስልኩን ጥላ ገመዱን መነጨቀችው።

ኢምራን ዲስኩን ሱቁ ወስዶ እስከ ማክሰኞ ታገለው። አሥራ አራት ፋይል ተረፈ። የጥጡ ንግድ አለ፤ ከዘር ሐረጉ ግማሹ አለ። ከመንዙማው አንድም የለም። አሁን ቀርፋፋውን ሶፍትዌር ጫነላት።

ራቢዓ የተረፈውን ለአባቷ አሰማቻቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ ጣታቸውን አነሱ፤ ሌላውን ማለታቸው ነው።

"አባዬ፣ መንዙማው ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አለቻቸው።

ለረጅም ጊዜ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ እጃቸውን ቀስ አድርገው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያን ቀን ወዲያ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቁመው አያውቁም።