አንገት ደፊ

የአረጋውያን መኖሪያው ኃላፊ ሰው ሲቀጥሩ ኦቾሎኒ ይበሉ ነበር። ልጣጩን በጥርሳቸው እየገፈፉ፣ ከከንፈራቸው የቀረውን በመዳፋቸው ይጠርጉና በዚያው መዳፍ አመልካቹን ይጨብጡታል። ሠራተኛው «ጋሽ ሚዛን» ይላቸዋል፤ «እኔ ሰውን በዓይኔ እመዝናለሁ፤ ከበሩ እስከ ወንበሩ እስኪደርስ ይበቃኛል» ማለት ይወዳሉ። ስሙ የፌዝ መሆኑን አያውቁም፤ እንዲያውም ሲጠሩበት ደረታቸው ይነፋል።

የግቢው ሐኪም አብሯቸው ይቀመጣል። ጋሽ ሚዛን ምን ነጥብ እንደሰጡ አንገቱን አስግጎ ካየ በኋላ ያንኑ ይሰጣል። «ይኸው፣ ሁለታችንም ተስማማን!» ይላሉ እሳቸው ሁልጊዜ።

ነጥቡን የምትመዘግበው የቅጥር ሠራተኛዋ ናት። ያሳደገቻት አክስቷ ግማሽ ጎኗ በድን ሆኖባት እዚያው ምድር ቤት ተኝታለች። ስለዚህ በዚያ በር የሚገባውን ሰው ሁሉ እጅ እጁን ነበር የምታየው፤ ነገ የአክስቷን ገላ የሚያጥበው ያ እጅ ነውና።

አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ገባች። የባሏን እናት እስከ መጨረሻው አስታማ የቀበረች፣ ልብስ በማጠብ የምትተዳደር ሴት ናት።

«በሽተኛው ቢሰድብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉ ጋሽ ሚዛን።

አንገቷን ደፋች። «ገላውን አጥቤ እጨርሳለሁ። ስድቡ የሕመሙ ነው።»

ስትወጣ በሩ እስኪዘጋ እንኳ አልጠበቁም። «አንገት ደፊ፣ አገር አጥፊ! ይቺ የምትደብቀው ነገር አላት» ብለው ጣሏት። ሐኪሙም ጣላት። ቀጥሎ ባለከረባት ጎልማሳ ገባና «እናንተን ማገልገል ለኔ ክብር ነው» ሲላቸው፣ ጋሽ ሚዛን ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው «ወንድ ማለት ይሄ ነው!» አሉ።

በማግስቱ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ተቃጠለ፤ የሁሉም ነጥብ አብሮ ጠፋ። በሳምንቱ አመልካቾቹ እንደ አዲስ ተጠሩ።

ያን ቀን ጋሽ ሚዛን ልጃቸው ታጭታ ደስ ብሏቸዋል። ሴትዮዋ ገባች። ጥያቄው ያው፣ መልሱም ያው፤ አንገቷንም እንደዚያው ደፋች።

«አያችሁ ጨዋነት!» አሉ ስትወጣ። «አንገቷን የደፋች፣ አሳዳጊ የበደላት አይደለችም።» ሙሉ ነጥብ ሰጡ። ሐኪሙም ሰጠ።

የቅጥር ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ ባለፈው ሳምንት የጣሏት ናት።»

«የቷ?»

«አገር አጥፊ ያሏት። ያኔ ያለችውን ነው ዛሬም ያለችው፤ አንዲት ቃል አልለወጠችም።»

ማኘካቸውን አቆሙ። «እና ምን ልትዪ ነው?»

«ሰዎቹ በሽተኛ ሲያነሱ፣ ሲያጥቡ እንያቸው። ሁለት ነርሶች ሳይተያዩ ለየብቻ ነጥብ ይስጡ። ነጥባቸው ከተቀራረበ እናምነዋለን፤ ካልሆነ ግን ይሄ ቅጥር ሳይሆን ዕጣ ነው።»

«እኔን ልትፈትኚኝ! እኔ ጠጉሬ የሸበተው ሰው ስመርጥ ነው!» ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። «እንግዲያው ያለፈው ሳምንት ውሳኔዬ ይጽና። ባለከረባቱን ጥሪልኝ።»

ሐኪሙ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እሷም ሴትዮዋን ልታነሳ ብላ እንደጣለቻት የገባት መተላለፊያው ላይ ስታገኛት ነው። «አልሆነም» አለቻት። ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ባለከረባቱ ሥራ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት የቅጥር ሠራተኛዋ ወደ አክስቷ ክፍል ብቅ ስትል፣ ሰውየው ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል አጣብቆ እየሳቀ፣ አክስቷን በአንድ ክንዷ ይጎትታል። አንሶላው ርሷል፤ ሽታው ያፍናል። ብብቷ ሥር የጣት ምልክት በልዟል።

«አስቀምጣት!» ብላ ጮኸች።

«እንዴ፣ ላነሳት እኮ ነው» አላት፣ ስልኩን ሳይዘጋ።

ሲወጣ አክስቷ በተጣመመ አፏ «እንደ ጆንያ ነው የሚያደርገኝ፣ ልጄ» አለች። የቅጥር ሠራተኛዋ አጠበቻት፤ አንሶላ ቀየረችላት።

ከዚያው በቀጥታ ወደ መኖሪያው ቦርድ ሰብሳቢ ሄደች። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። እሳቸው በጠሩት ስብሰባ ላይ፣ ጋሽ ሚዛንና ሐኪሙ ባሉበት ሁሉንም ተናገረች።

«አንቺስ በምን ተቀጠርሽ?» አሏት ዳኛዋ።

«በጋሼ ነው። አካሄዴ ደስ ብሏቸው።»

ሐኪሙ ሳቀ፤ ዳኛዋ አልሳቁም። ባለከረባቱ ተሰናበተ። ከእንግዲህ ማንም አልጋ አጠገብ ቆሞ በሥራ ሳይታይ፣ ሁለት ነርሶችም ለየብቻ ሳይመዝኑት እንዳይቀጠር ታዘዘ። ጋሽ ሚዛን ግን ወንበራቸው ላይ ቀሩ፤ ከስብሰባው ሲወጡም «እኔም ድሮ ያሰብኩት ነው» ሲሉ ሰማቻቸው።

ሴትዮዋን ፍለጋ ወጣች። ያገኘቻት አንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ በእንፋሎት መሃል አንሶላ ስትጨምቅ ነው። የሆነውን ነገረቻት፤ እንድትመጣም ለመነቻት።

ሴትዮዋ በዚህ ጊዜ አንገቷን አልደፋችም።

«እህቴ፣ በአንድ ሰው አፍ ወደቅኩ፣ በዚያው አፍ ተነሳሁ፣ መልሼ ወደቅኩ። እኔ ግን ያችው ነኝ። አሁን ደግሞ ልትመዝኑኝ? ተዉኝ እስቲ።»

«አሁን ሌላ ነው፤ እውነቴን ነው።»

«ይሁንላችሁ። ለሌላው ይሁን።» አንሶላውን አራግፋ ገመዱ ላይ ጣለችው።

የቅጥር ሠራተኛዋ ማታ አክስቷን ስታጎርሳት፣ «ያቺ የነገርሽኝ ሴት መጣች?» አለቻት አሮጊቷ።

«እምቢ አለች፣ እትዬ።»

አክስቷ ቀስ ብላ አላምጣ ዋጠች።

«ደግ አደረገች» አለች።