ሸንኮራና መፈክር

አጸደ «እንደምን አደሩ» ስትላቸው ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጧት።

ከአጋሮ ተነሥታ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሯ መጥታለች። ጫማዋ ቀይ ጭቃ ጠግቧል፤ በእጇ የምትሠራበት የእርሻ ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዛለች። ሰውየው ግን በታጠረው ግቢ መካከል እንደ ምሰሶ ቆመው፣ ፊታቸውን ወደ ቡናው ጫካ መልሰው፣ እንኳን ሊመልሱላት ዘወር ብለውም አላዩአት። አልሰሙኝ ይሆናል ብላ ደገመችው። ዝም። ሦስተኛ ጊዜ ሰላም ማለት ለአጸደ ከአቅሟ በላይ ነበር። ኮሌጅ ሳለች እንኳ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ማለቷን መምህሩ የሚያውቀው አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ ስትነግረው ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ሴት መላኩ አስከፍቷቸው ይሆን? ወይስ ከሆሳዕና የመጣች ጴንጤ ናት ብሎ ሰው ነገራቸው? ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና እሷም በተራዋ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ በሩ አቀናች።

አራት እርምጃ ያህል እንደሄደች ማጅራቷ ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ አረፈ።

«አትዙሪ» አሉ ሽማግሌው ከኋላዋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ልጄ፣ ባለሽበት ቁሚ። ከፈጅር ሶላት ጀምሬ ተገትሬ እኔን እምቢ ያለችኝ ባዝራ፣ ላንቺ መጣች።»

ስማቸው ሸኩር ነው፤ ዳሩ ግን በአገሩ ልማድ ሰው በወጣትነቱ በጋለበው ፈረስ ስም ስለሚጠራ፣ ከአባ ዲጋ በቀር በሌላ ስም የሚጠራቸው የለም። በዚያ ዕለት ምራታቸው ለጢፋ ባቀረበችው ትኩስ ወተት ላይ ነገሩን አስረዷት። ፈረስ ሲታደን የኖረ ፍጥረት ነው። ጅብም ሆነ አንበሳ ሊይዘው ሲል አፍጥጦ ያየዋል፤ ሰው አፍጥጦ ሲያየውም ያው ጅብ ይመስለዋል። ጀርባውን የሰጠው ግን አያድነውም። ስለዚህ ከፈራች ባዝራ ጋር መተዋወቅ የፈለገ ዞሮ ይቆማል፤ እስክትመጣ ይጠብቃል፤ ሰላምታ ቢቀርብለት እንኳ አይመልስም። «ወአለይኩም ሰላም» አሉ ቀጥለው፣ የቆየውን ዕዳ እንደሚከፍል ሰው በትሕትና ጎንበስ ብለው። አጸደ ከሳቋ የተነሣ ወተቱ ትን አላት።

ይህ የሆነው በታኅሣሥ ነው። ዛሬ መጋቢት ሃያ አራት ቀን ነው፤ የባዝራይቱም የአጸደም ጉዳይ የሚቆረጥበት ቀን።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ሞተር ሳይክል መለዋወጫ አጥቶ ከቆመ ሰባት ወሩ ነው። ወደ ላይኞቹ ቀበሌዎች መኪና አይወጣም። እዚያ ደግሞ የቡናው ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ እየጠቆረ ይረግፋል፤ ገበሬው ግንዱን እየቆረጠ በቆሎ መዝራት ጀምሯል። በሽታውን የሚቋቋም የተመረጠ ዘር የሚያደርስና አዘራሩን የሚያሳይ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ያቺም ባለሙያ አጸደ ናት። ለዚህ ሲባል ገበሬ ማኅበሩ ቢፍቱ የምትባል ዳማ ባዝራ ገዝቶ ሰጠ፤ ሻጩ ግን ሰው ወጥቶባት እንደማያውቅ አልተናገረም። መጀመሪያ የማኅበሩ ዘበኛ ሞከራት፤ ጎመን መደብ ላይ አወረደችው። ቀጥሎ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ጎሳዬ ራሳቸው ወጡባት፤ አምስት ሳምንት ክንዳቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው ከረሙ። ክንዳቸው እንደተፈታ ያዘዙት ይህን ነው፦ በመጋቢቱ ስብሰባ በሕዝብ ፊት ሰው ተቀምጦባት ካልታየች ቢፍቱ ጅማ፣ መርካቶ ለጋሪ ትሸጣለች፤ አጸደም ጅማ ወርዳ መዝገብ ቤት ትቀመጣለች። ባዝራይቱ አባ ዲጋ ዘንድ እንድትገራ፣ አጸደም መጋለብ እንድትማር የተላኩት ለዚህ ነው።

ለወትሮው አጸደ መዝገብ ቤትን የምትጠላ ሰው አልነበረችም። ሰው የማያናግሩበት ሥራ ነው። ነገር ግን ላይኛው ቀበሌ አንድ ጊዜ በእግሯ ወጥታ፣ አንድ ገበሬ የአያቱን ቡና ሊቆርጥ መጥረቢያ እንዳነሣ ደርሳ ነበር። «ዘር ይመጣል፤ ሁለት ወር ታገሡኝ» አለችው። በሕይወቷ ለማታውቀው ሰው የሰጠችው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ መዝገብ ቤት ስታስብ ያ መጥረቢያ ፊቷ ድቅን ይላል።

ሦስቱን ወር ሙሉ እነ አባ ዲጋ ቤት አርፋ ማለዳ ማለዳ የተማረችው ብዙ ነው። የፈረስ ጆሮ ደብዳቤ ነው፤ ወደ ፊት ሲቆም ምን እንደሚል፣ ወደ ኋላ ሲጣበቅ ምን እንደሚል አነበበች። ቢፍቱ ከንፈሯን ስትልስ ነገሩ ገባት ማለት ነውና ያን ጊዜ ሥራ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ መጨቅጨቅ ያጠፋል። ኮርቻ ከመምጣቱ በፊት ግማሽ ጆንያ ጀንፈል ቡና ጫኑባት፤ ከዚያ ሙሉ ጆንያ፤ ከዚያ ሁለት። አባ ዲጋ ያወሩት ጥቂት ነው። አንድ ቀን ብቻ፣ አጸደ ሆዷን ኮርቻው ላይ አጋድማ እንደ ጆንያ ተንጠልጥላ ሳለ፣ «ሌላው የሚጋልብ ሁሉ መጀመሪያ መጮሁን መተው አለበት። አንቺ ያን ተምረሽ ነው የመጣሽው» አሏት። ሰው በዝምታዋ ሲያመሰግናት ይህ የመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ እዚያው ተዘቅዝቃ ፈገግ አለች።

ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። የካቲት አጋማሽ ላይ የቀበሌው ወጣቶች ግራ እጃቸውን አንሥተው መፈክር እያሰሙ በአጥሩ ሥር አለፉ። ቢፍቱ ደነበረች፤ የአጥሩን ሦስት አግዳሚ እንጨት ሰብራ ጠፋች፤ የተገኘችው ማታ፣ ወንዝ ዳር ነው። ስብሰባ ደግሞ ያለ መፈክር አይበተንም። አባ ዲጋ በደንባራ በቅሎ ላይ ቃጭል ተጨመረበት ብለው ራሳቸውን ያዙ። መላውን ያመጣችው አጸደ ናት፤ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ ለጢፋ ግን ጮክ ብላ ለጎረቤት አዳረሰችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአስር ሰዓት በኋላ ሰባት ስምንት ሴቶች ግቢው ውስጥ ይሰለፋሉ። መጀመሪያ ግራ እጃቸውን አንሥተው «ይውደም» ብለው ያንሾካሽካሉ። ቢፍቱ ካልሸሸች ከተነሣው እጅ ቁራጭ ሸንኮራ ይሰጣታል። በሳምንቱ ሹክሹክታው ወደ ንግግር፣ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ጩኸት ከፍ አለ። አንዷ ጎረቤት በአብዮቱ የቀለድን ይመስልብናል ብላ ፈራች።

«የምን ቀልድ?» አለቻት ለጢፋ። «ነቅታለች፤ ተደራጅታለች፤ ማስታጠቅ ብቻ ነው የቀረን። ኮርቻውን አቀብይኝ።»

እነሆ ዛሬ ኮርቻው ተጫነ፤ ልጓሙም ገባ። አባ ዲጋ የእርካቡን ጠፍር ሁለት ጊዜ ፈትሸው ሸኟት። ጉልበታቸውን ስላመማቸው እሳቸው አልሄዱም፤ ለጢፋ ነጠላዋን አገልድማ ከጎኗ በእግሯ ተከተለች። «ሱታ» ነበር የመጨረሻ ቃላቸው፤ ቀስ። ለማንኛቸው እንዳሉት ግልጽ አልነበረም።

የስብሰባው ቦታ የከተማይቱ ገበያ ዳር፣ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነው። አጸደ ከሕዝቡ በስተኋላ ቢፍቱ ላይ እንደተቀመጠች ቆመች። ሰው ሁሉ እየዞረ ያያት ጀመር። ሴት፣ ሱሪ የለበሰች፣ ፈረስ ላይ፤ እንዲያውም ያቺ ኃላፊውን የጣለችው ፈረስ ላይ። አቶ ጎሳዬ ከመድረኩ አጠገብ ቆመው፣ ያን ክንዳቸውን ሳይታወቃቸው እያሹ ይመለከቱ ነበር። ከአውራጃ የመጣው ካድሬ ጓድ ለይኩን መነጽሩን እያስተካከለ አንድ ሰዓት ያህል ተናገረ። ቢፍቱ አንድ እግሯን አሳርፋ አንቀላፋች። አጸደ በዝግታ ተነፈሰች፤ ተቀማጭ ትንፋሹን ከያዘ ፈረስ ጅብ መጣ ይላል ብለዋታልና አባ ዲጋ።

ንግግሩ አለቀ። ጓድ ለይኩን ግራ ክንዱን አነሣ፤ አምስት መቶ ግራ እጅ አብሮት ተነሣ፤ «ይውደም!» የሚለው ድምፅ ዋርካውን አነቃነቀው።

የቢፍቱ ጀርባ ከአጸደ ሥር እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ። ጆሮዎቿ ቆሙ፤ ወደ ፊት። ወደ ኋላ አልነበረም። አጸደ የጆሮዎቿን ደብዳቤ አነበበችው፤ ያነበበችው ግን ዘግይታ ነው። ቢፍቱ አልደነበረችም። ያየችው አምስት መቶ ሸንኮራ ነው።

ረጋ ብላ ወደ ሕዝቡ መካከል ገባች። ገፋ አላደረገችም፤ እንደ ቤተ ዘመድ አለፈች። የአንዱን ሽማግሌ ጭብጥ አሸተተች፤ ባዶ። የአንዲት ባለመቀነት እናት እጅ፣ ባዶ። ሰው እጁን እንዳነሣ ሳቁን አፍኖ ቀረ፤ ማን ቀድሞ ያወርዳል? እንዲህ እንዲህ እያለች፣ ከሁሉ ከፍ ብሎ ወደተነሣው ጭብጥ ደረሰች፤ አፍንጫዋንም በጓድ ለይኩን ግራ እጅ ላይ አኖረች።

ለጢፋ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። አቶ ጎሳዬ ወደ ፊት ሁለት እርምጃ ተራመዱና ቆሙ።

ጓድ ለይኩን እጁን ፈታ። ቢፍቱ መዳፉን ላሰችው።

«ምን ፈልጋ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄው ለአጸደ ነበር።

አምስት መቶ ሰው አያት። ድሮ ቢሆን መሬት ተከፍታ እንድትውጣት ትመኝ ነበር፤ አሁን ግን ከሥሯ ያለችው ፍጥረት እያንዳንዷን የጡንቻዋን መኮማተር እንደምታነብ ታውቃለች፤ እሷ ብትፈራ ባዝራይቱም ትፈራለች። ትከሻዋን ለቀቅ አደረገች።

«ሸንኮራ ነው፣ ጓድ» አለች። ድምፅዋ ከራሷ ግምት በላይ ጠንክሮ ወጣ። «መፈክር ስትሰማ ትደነብር ነበር። እንድትለምድ ብዬ፣ ግራ እጅ በተነሣ ቁጥር ሸንኮራ አሰጠኋት። አሳቡ የእኔ ነው። ጥፋቱም።»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር ፊቱ ወጣት፣ የደከመውም ነበር። ወደ ባዝራይቱ አንገት ጠጋ ብሎ፣ ከአጸደ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ «እኛ ለሰዉ ይህን አላሰብንለትም» አለ። ቀጥሎም ቀና ብሎ ሸንኮራ ከሚሸጡት አንዷን ጠራ። ቢፍቱ በመድረኩ ፊት ቆማ ስታኝክ ሕዝቡ እስከ ገበያው ማዶ ሳቀ።

ለአቶ ጎሳዬ ግን የሚስቁበት ቀን አልነበረም። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ክንዱ የተሰበረ ሰው አመን ለማለት ይቸግረዋል። ሜዳ ላይ ሸንኮራ መብላት አንድ ነገር ነው፤ ዳገት መውጣት ሌላ ነው አሉ። ዘሩ ቢሮ መጥቶ ተቀምጧል፤ ቶሎ ካልተዘራ ይደርቅና አይበቅልም። ስለዚህ ዛሬውኑ ላይኛው ቀበሌ ታድርስና የማኅበሩን ሊቀ መንበር ማኅተም ይዛ ትመለስ፤ ያን ጊዜ የጋሪውን ነገር ይተዉታል። ለጢፋ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አጉረመረመች፤ በአቅራቢያዋ የነበሩት ሰዎች ዞረው ሳቁ፤ አቶ ጎሳዬም ኦሮምኛ የማይሰሙ መሰሉ። አጸደ «እሺ» ብቻ አለች።

ሰባት ሰዓት ላይ ሁለቱ የዘር ከረጢቶች በኮርቻው ግራና ቀኝ ታሰሩ። ለጢፋ እስከ ከተማይቱ ጫፍ ሸኘቻትና ከዚያ በኋላ አጸደ ብቻዋን ሆነች። መንገዱ በቡናና በዛፍ ጥላ ውስጥ ያልፋል። በቅርቡ ዘንቧል፤ ቡናው ነጭ አበባውን ዘርግፎ ጫካው ሁሉ ይሸታል። ቢፍቱ በሶምሶማ ጥቂት ሄደች፤ አጸደም፣ ማንም እንደማያያት ስታውቅ፣ ልጅ ሳለች እናቷ ጸሎት ቤት የምትዘምረውን ዜማ ድምፅ አውጥታ ዘመረች። የባዝራይቱ አንድ ጆሮ ወደ እሷ ዞሮ ቀረ።

ላይኛው ቀበሌ ሊደርሱ ሩብ ሰዓት ሲቀራቸው ከአንድ ወንዝ ደረሱ። በጋ ላይ በድንጋይ የሚዘለል ጅረት ነበር፤ ዛሬ የተራራው ዝናብ አደፍርሶ አሰፍቶታል። ቢፍቱ እንዲህ ያለ ውሃ አታውቅም። ዳር ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች፤ ሁለቱ ጆሮዎቿ ወደ ፊት ተቀስረው አፍንጫዋ ሰፋ።

ማዶ ሰዎች ቆመዋል። ወሬ በአገሩ ከፈረስ ይፈጥናልና ስለ ዘሩ ሰምተው ወርደው ሊቀበሏት መጥተዋል፤ ችግኝ ማፍያውን ቆፍረው አፈሩ ገና እጃቸው ላይ ነበር። አንዱ ባዝራይቱን እንድትመታት በምልክት አሳያት። ሌላው ድንጋይ ሊወረውር አነሣ። አጸደ እጇን ዘርግታ ከለከለችው።

ልጓሙን አላላችላት። ዓይኗን ከውሃው አንሥታ ወደ ዛፎቹ ጫፍ አየች፤ አንድ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ዘለለ። ጊዜ አለፈ። ሰዎቹ ደክሟቸው ተቀመጡ። ፀሐይዋ ወደ አስር ሰዓት ግድም አዘነበለች፤ ከረጢቶቹ በኮርቻው ጎን በዝግታ ተወዛወዙ።

ቢፍቱ አንገቷን ዝቅ አደረገች። ውሃውን አሸተተች፤ ጥቂት ጠጣች፤ ከንፈሯን ላሰች።

ከዚያ ቀኝ እግሯን አስገባች፤ ግራዋን አስከተለች፤ ተሻገሩ።