ወደ ኋላ የሄደችው መኪና

በ1970 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ የሶማሊያ ጦርነት አልፎ የሸሸው ሰው ወደ ጅጅጋ መመለስ ሲጀምር፣ እታገኘሁና ባሏ መርሻ ከሐረር በሰው የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው መጡ። መርሻ ዕድሜውን በሹፌርነት የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ሌላ ሰው ሲነዳ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም። መንገዱን ሙሉ ከላይ ሆኖ ጋቢናውን እየደበደበ «ማርሽ ቀይር! ቀስ በል እንጂ!» ሲል ቆየና፣ ከተማው ሊገቡ ሲቃረቡ መኪናው ሲዘል ከላይ ወደቀ። ቀኝ እጁ ተሰበረ። ግቢው የደረሰው ሐኪም ቤት ገብቶ፣ እጁ በጄሶ ታሽጎ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነው።

መኪናቸው አለች። ቀይ፣ አሮጌ የጣሊያን የጭነት መኪና ናት፤ የኋላ እግሯ በግንድ ላይ እንደተሰቀለ፣ ትተዋት በሄዱበት ቦታ ቆማለች። ማንም ሊነዳት አይችልም ነበር። መርሻ የሸሹ ዕለት ዲፍረንሻሏን፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን የጥርሳጥርስ ብረት ሁሉ፣ አውርዶ ፈታትቶት ነበር። ብረቱ የሚሽከረከርባቸው ኩሽኔታዎች አርጅተው ሊቀይራቸው ነበር። ብረቱን ጆንያ ላይ እንደበተነ «ውጡ» ተባለና ወጡ። አሁን ጆንያውም የለም፣ ብረቱም የለም።

«በቃ፣ አለቀልን» አለ መርሻ፣ በረንዳው ላይ ዘፍ ብሎ። «ይህን ዕቃ ከየት አመጣለሁ?»

እታገኘሁ የምትለው ጠፍቷት ቆማ ሳለ በአጥሩ ላይ አንዲት ሴት ብቅ አለች። ጎረቤታቸው ማርያን ናት። ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜ እናት የምትሆናቸው ሴት ናት፤ ሁለቱም በአገሩ ልማድ «ኤዶ» ይሏታል፣ አክስቴ እንደማለት።

«አልሐምዱሊላህ! በሕይወት አላችሁ?» አለችና አጥሩን ዞራ መጣች። አቅፋ ስማ ከጨረሰች በኋላ የመርሻን ጄሶ አየች፣ ፊቱን አየች። «ብረትህን ነው የምትፈልገው? ና።»

ከአልጋዋ ሥር አንድ በአንድ አወጣችው። ሁሉም በጨርቅ ተጠቅልሏል። መርሻ በግራ እጁ አንዱን ሲፈታ፣ ሹፌሮች ኮሮና የሚሉት ትልቁ ጥርሳም ክብ ብረት ብቅ አለ። አንዲት የዝገት ነጥብ የለበትም። መርሻ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተው።

«ኤዶ፣ ይህ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«የበግ ላት ነዋ! ዝናብ መጣ፣ ብረቱ ሊበላሽ ነው አልኩ። ግራሶ ከየት አገኛለሁ? ላት ቀባሁት።»

«ለምሳ ይሆናል'ኮ» አለ መርሻ። ዓይኑን ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

ማርያን ምስጋናውን በእጇ ገፋ አደረገችው። «መኪናው ሲነሳ ሽንሌ ውሰዱኝ። ልጄ ካልቱን እዚያ ናት። ወልዳለች ብለው ነገሩኝ፣ አላየኋትም።»

የከተማው ጋራዦች ገና አልተከፈቱም፤ መካኒኮቹም ከሸሹበት አልተመለሱም። ስለዚህ ሥራው እዚያው ግቢ ውስጥ ሊሠራ ነው። መርሻ ጄሶውን አየ፣ ከዚያ ሚስቱን አየ።

«ምን ታየኛለህ?» አለች እታገኘሁ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከመርፌና ከመቀስ ውጭ ሌላ መሣሪያ ይዛ አታውቅም።

«አፍ አለኝ፣ እጅ የለኝም። አንቺ ደግሞ እጅ አለሽ» አላት።

«አፍስ የለኝም ያለህ ማነው?» አለችው፤ ግን እጅጌዋን ጠቀለለች።

ልብስ የምታጥብበት ሳፋ ናፍጣ ተሞላ። ላቱን ከየጥርሱ መሐል በቡሩሽ እየፈለቀቀች አጠበች፤ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ግቢውን ከበበ። አዲሶቹ ኩሽኔታዎች አልጠፉም። መርሻ ሲሸሽ ልብሱን ትቶ እነሱን ነበር የተሸከመው። «ኩሽኔታው በሙቅ ዘይት ሲግል ይሰፋል፣ ያኔ በቀላሉ ይገባል» አላትና በድስት ዘይት አፍልታ አስገባቻቸው።

ከኮሮናው ጋር የሚናከሰው ትንሹ ጥርሳም ብረት ሥር የሚነጠፉት ስስ ቀለበቶች ግን የሉም። ማርያን ቁራጭ ቆርቆሮ መስለዋት ጥላቸዋለች። ያለ እነሱ ሁለቱ ጥርሶች ልክ አይገጥሙም፤ ካልገጠሙ ደግሞ መኪናዋ እያለቀሰች ሄዳ በመጨረሻ ጥርሷን ትሰብራለች። እታገኘሁ ትንሽ አሰበችና የዱቄት ወተት ጣሳ ፈልጋ፣ የጨርቅ መቀሷን አውጥታ፣ ቀለበት መቁረጥ ጀመረች። መቀሱ ተበላሸ፣ ቀለበቶቹ ግን እንደ ገበር የሳሱና ልክ የሆኑ ነበሩ።

«አሁን ጥርሱን ቀለም እንቀባዋለን» አለ መርሻ። «ሲዞር ቀለሙ የት እንደተነካ እናያለን። መሐል ላይ መሆን አለበት። ግን ቀለም የለንም።»

እታገኘሁ ቤት ገብታ ተመለሰች። የከንፈር ቀለም ይዛለች፤ ደማቅ ቀይ ነው።

«ይህንን ለእኔ ቀብተሽው አታውቂም!» አለ መርሻ።

«አንተስ እንዲህ አተኩረህ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

እታገኘሁ ጥርሱን ቀባችው። ኮሮናውን ስታዞረው ቀለሙ የተፋቀው ከጥርሱ ጫፍ ላይ ሆነ። ፈታች፣ አንድ ቀለበት ጨመረች፣ ገጠመች፣ ቀባች። አሁንም አልሆነም። ፈታች፣ እንደገና ገጠመች። ክንዷ ዝሎ፣ ጥፍሯ ጠቁሮ፣ ከብረቱ ጋር እየተሳደበች ሳለ በመጨረሻ ምልክቱ በየጥርሱ መሐል ቁጭ አለ። መርሻ ጎንበስ ብሎ አየው። «እኔም ከዚህ የተሻለ አልሠራሁም» አለ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምታ ስለማታውቅ ትንሽ አፈረች።

«እንግዲህ ኮሮናው በግራ በኩል ይሁን» ብሏት ስለተሰበረው እጁ ለሚጠይቁት ጎረቤቶች ሊተርክ ሄደ። እሷም በግራ አድርጋ አሰረችው።

ከባዱን ብረት ወደ ቦታው የሰቀለው የማርያን ግመል ነው። የካሶኒውን፣ የጭነት ማስቀመጫውን፣ ወለል አንስተው ወፍራም እንጨት አጋደሙበት፣ በላዩ ገመድ አሳለፉ፣ የገመዱን ጫፍ ግመሉ ላይ አሰሩ። ማርያን በሶማሊኛ ስታባብለው ግመሉ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ «በቃ!» ሲባል ግን መቆም አላማረውም። ዲፍረንሻሉ ከመኪናዋ በላይ ወጥቶ እንደ ደወል ተወዛወዘ። እታገኘሁ «ኤዶ!» ብላ ጮኸች፣ ማርያን ግመሉን ሰደበችው፣ ግመሉም ተቀይሞ ወደ ኋላ ተመለሰ። ብረቱ ቀስ ብሎ ወርዶ ቦታው ላይ አረፈ። እታገኘሁ ብሎኖቹን እስከ መጨረሻው አጠበቀች፤ መኪናዋም ከግንዱ ወረደች።

መርሻ የሐኪሙን ቀጠሮ መጠበቅ አቅቶት ጄሶውን ራሱ ቀዶ ጣለው። ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ ተሰበሰበ። ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ አስሎ ተነሳ። መርሻ እንደ ሙሽራ ተኮፍሶ አንደኛ ማርሽ አስገባና ፍሪሲዮኑን ለቀቀ።

መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች።

ከጎን ዞሮ ከኋላ የሚያልፈውን የማርያንን አጥር ደረመሰችው። ፍየሎች ተበተኑ፣ ሰው ሸሸ። መርሻ ደንግጦ ቆመና ተሳስቼ ነው ብሎ ሁለተኛ አስገባ፤ አሁንም ወደ ኋላ፣ ያውም በፍጥነት። ተስፋ ቆርጦ የኋላ ማርሹን ሲያስገባ ደግሞ ቀስ ብላ ወደ ፊት መጣች።

«ዋላሂ፣» አለች ማርያን፣ በወደቀው አጥሯ ላይ ቆማ፣ «ሽንሌ የምደርሰው በጀርባዬ ነው?»

መርሻ ከጋቢናው ዘሎ ወረደ። «ኮሮናው በግራ ይሁን አላልኩሽም? በቀኝ ሲሆን ጎማውን ወደ ኋላ ነው የሚያዞረው!»

«በግራ ነዋ ያደረግኩት!»

«የማን ግራ?»

«የእኔ ግራ! ሌላ የማን ግራ አለኝ?»

መርሻ እንደ ሹፌር ፊቱን ወደ መኪናዋ አፍንጫ አዙሮ ግራ እጁን ዘረጋ። እታገኘሁም ስትሠራ እንደነበረችው ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ግራ እጇን ዘረጋች። አንዱ እጅ ወደ መንገዱ፣ ሌላው ወደ ማርያን ቤት ያመለክታል። ሰው ሁሉ ሁለቱን እጆች አየ። መጀመሪያ የሳቀችው ማርያን ናት፤ ከዚያ እታገኘሁ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከተማውን ለቅቀው ከወጡ ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም። መርሻ ሊቆጣ ሞከረና ከንፈሩ አልታዘዝ አለው።

በነጋታው ብቻዋን ፈታችው። «ግራና ቀኝ የሚል ቃል እንዳልሰማ» አለችው መርሻን። «በመንገዱ በኩል ወይም በኤዶ ቤት በኩል በል።»

«በኤዶ ቤት በኩል» አለ መርሻ በትሕትና።

ቀለሙን ቀብታ እንደገና አረጋገጠች፣ ግመሉም እንደገና ተለመነ። በዚህ ጊዜ መኪናዋ አንደኛ ማርሽ ሲገባላት ወደ ፊት ሄደች።

ወደ ሽንሌ ሲነሱ ማርያን መሐል ተቀምጣ፣ ለልጅ ልጇ የሚሆን ቅቤ ጉልበቷ ላይ ይዛ ነበር። የካራማራን ዳገት ሲጀምሩ እታገኘሁ ወደ ኋላ ዘንበል አለች። ጆሮዋ ከእግሯ ሥር፣ ከኋላ፣ ከብረቱ ጋር ነው። መርሻም ያዳምጣል።

«ምን ይሰማሃል?» አለችው በመጨረሻ።

«ምንም።»

«ምንም ማለት ጥሩ ነው?»

«ከዚህ በላይ ጥሩ የለም።»

ሐረርን አልፈው፣ ድሬዳዋ ወርደው፣ ሙቀቱ ፊት ሲጋረፍ ሽንሌ ገቡ። ካልቱን የመኪና ድምፅ ሰምታ ሕፃኑን አቅፋ ከቤት ወጣች። ማርያን መኪናዋ እስክትቆም አልጠበቀችም፤ በእታገኘሁ ላይ ተሻግራ በሩን ከፍታ ወረደች። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ቆሙ፣ ሕፃኑ በመሐላቸው ተጨንቆ እስኪጮህ ድረስ።

እታገኘሁ ለብቻቸው ልትተዋቸው ፈልጋ ወደ መኪናዋ ኋላ ዞረች። ነጠላዋን ለአንዲት የካልቱን ጎረቤት አስይዛ ከሥር ገባችና መዳፏን ዲፍረንሻሉ ላይ አሳረፈች። ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም፤ ዘይትም አላነባም። መርሻ ከውጭ ጎንበስ ብሎ አያት።

«እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አለች፣ እጇን ሳታነሳ። «ትንሽ ቆይቼ እወጣለሁ።»

መርሻ መሬቱ ላይ ከጎማው አጠገብ ተቀምጦ ጠበቃት። ከቤቱ ውስጥ ካልቱን ምሳ ቀርቧል እያለች ትጣራለች።